ፐርቹ ሲያቆም ዋልአዩ ይነሣል፦ በሚነሶታ የበልግ መጨረሻ የምሽት ዓሣ ማጥመድ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሴንት ፖል ነው። ከሥራ ስወጣ ዋይት ቤር ሐይቅ ዳር ሄጄ ለአንድ ለሁለት ሰዓት ዘንግ እጥላለሁ። አሁን በኦክቶበር መጨረሻ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ፐርቹ እየተከታተለ ይይዝልኛል፤ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል። ጓደኞቼ ‹ዓሣው ተኝቷል፣ እንሂድ› ይሉኛል። ዋልአይ የሚያዘው ማታ ነው ሲባልም እሰማለሁ፤ እስካሁን ግን አንድም አልያዝኩም። ልቆይ ወይስ ልሂድ? ከቆየሁስ ምን ልቀይር? ወቅቱስ አላለፈም ወይ?»

መልስ፦ ቆይ። ወቅቱም አላለፈም፤ እንዲያውም ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ሰው ከዓመቱ ምርጥ ከሚባሉት ሳምንታት ውስጥ ነህ።

ጓደኞችህ ያሉት ግማሹ እውነት ነው። ፐርቹ በእርግጥ ተኝቷል። ዋልአዩ ግን ለእራት የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ከጥያቄህ እንደምገምተው አንተን ያስቸገረህ ሰዓቱ ወይም ቦታው አይደለም። ፐርቹ ካቆመ በኋላ ያንኑ ትል፣ በዚያው ትንሽ መንጠቆ፣ ወደዚያው አቅጣጫ መጣልህን ቀጥለሃል። ፐርቹ ሲያቆም ሌላ ማጥመድ እንደተጀመረ ቁጠረውና አሠራርህን በሙሉ ቀይር። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፤ ምክንያቱን ካወቅከው ወደ የትኛውም ሐይቅ ብትሄድ ራስህ ትወስናለህ።

ዋልአይ እና ቢጫው ፐርች የአንድ ቤተሰብ ዓሦች ናቸው። (ጫሞ እና ዓባያ ላይ የሚጠመደው ናይል ፐርች ከሌላ ቤተሰብ ነው፤ የእሱን ጠባይ እዚህ አትጠብቅ።) ዋልአይ በሰሜን አሜሪካ ከቤተሰቡ ትልቁ ሲሆን በብዙ የሚነሶታ ሐይቆች ዋና ምግቡ ይኸው ታናሽ ዘመዱ ፐርች ነው። በዳይ እና ተበዳይ አድርጎ የሚለያቸው ዓይናቸው ነው። በዋልአይ ዓይን ውስጥ፣ ብርሃን ከሚቀበለው ክፍል፣ ከሬቲናው፣ በስተኋላ፣ ታፔተም ሉሲደም የሚባል ብርሃን የሚመልስ ሽፋን አለ። ወደ ዓይኑ የገባው ብርሃን ሬቲናውን አልፎ ሲሄድ ይህ ሽፋን መልሶ ይልከዋል፤ ስለዚህ ዓይኑ ያንኑ ጥቂት ብርሃን ሁለት ጊዜ ይጠቀምበታል። ማታ በመኪና መብራት የጅብ ዓይን ሲያበራ አይተህ ከሆነ ነገሩ ያው ነው። ዋልአይ ይዘህ የራስ መብራትህ ዓይኑ ላይ ሲያርፍ ተመሳሳዩን ታያለህ።

ፐርች ይህ ሽፋን የለውም። በቀን ብርሃን እያየ የሚበላ ዓሣ ነው። ቀኑን በመንጋ ሆኖ ይዞራል፤ ብዙ ዓይን ስላለ ጠላትም ቶሎ ይታያል። ብርሃኑ ሲደክም መንጋው ይፈታል። እያንዳንዱ ዓሣ ወደ ወለሉ ወርዶ አሸዋው ወይም ጠጠሩ አጠገብ ጸጥ ብሎ ያድራል፤ ሲነጋ እንደገና ይሰበሰባል። አንተ «ቀጥ ይላል» ያልከው ይህንን ነው።

እንግዲህ በቀንና በሌሊት መካከል ያለችውን አጭር ጊዜ አስብ። ፐርቹ በደንብ አያይም፣ መንጋውም እየተበተነ ነው፣ ገና ግን አልተደበቀም። ዋልአዩ በዚያው ብርሃን አጥርቶ ያያል። ቀኑን ጥልቅ ውኃ ውስጥ ያሳለፈው ዋልአይ ወደ ጥልቀት አልባው ዳርቻ የሚመጣው ይህችን ጊዜ ለመጠቀም ነው። ስለዚህ እኔ ማታ የምከታተለው ሰዓቴን ሳይሆን ፐርቹን ነው። አንድ ሰው ዳር ላይ ቆሞ ሊያገኘው የሚችል ከዚህ የተሻለ ምልክት የለም።

ምልክቱም ድንገት አይመጣም፤ ልብ ካልከው ቀስ በቀስ ነው የሚደርሰው። ብርሃን እያለ ፐርች ትሉን ሲነካ በጣትህ ላይ ትክ ትክ ትክ የሚል ፈጣን ነገር ይሰማሃል፤ ብትስተውም ሌላው ወዲያው ይተካል። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ በንክኪዎቹ መካከል ያለው ጊዜ ይረዝማል። ከዚያ አንዱ ነክቶ ይተዋል፣ ተከታይ የለውም። በማዶ ያሉት ዛፎች ቅርንጫፋቸው መለየት አቅቶህ እንደ አንድ ጥቁር ግድግዳ መታየት ሲጀምሩ ትሉን የሚነካው አይኖርም። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ ያለው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት የሚደርስ ጊዜ በአብዛኛው ሐይቅ ላይ የምሽቱ ፍሬ ነው። አንተ ዕቃህን ጠቅልለህ ወደ መኪናህ የምትሄድበት ጊዜ መሆኑ ነው።

አንድ ማስተካከያ ልጨምር። ዋይት ቤር ጥርት ያለ ውኃ አለው። ውኃው በጠራ ቁጥር ብርሃን በጥልቀት ይገባል፤ ዋልአዩም ዘግይቶ ይወጣል። ደፍረስ ያለ ሐይቅ ላይ ወይም ነፋስ ማዕበል አስነሥቶ ብርሃኑን በሚሰብርበት ምሽት ጀንበር ሳትጠልቅ ሊጀምር ይችላል። ጸጥ ባለና ሰማዩ በጠራ ምሽት ግን በደንብ እስኪጨልም ትዕግሥት ይጠይቃል። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሰሞን ደግሞ ምግቡ ወደ ሌሊት ሊዘልቅ ይችላል፤ የኦክቶበርና የኖቬምበር ሙሉ ጨረቃ በሚነሶታ አጥማጆች ዘንድ በጉጉት የሚጠበቅ ነው።

አሁን ወደ ወቅቱ ልምጣ፤ «አላለፈም ወይ» ያልከው ላይ። ዋይት ቤር እስከ 83 ጫማ፣ ማለትም 25 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ሐይቅ ነው። እንደዚህ ያለ ሐይቅ በበጋ በንብርብር ይከፈላል፤ ሙቁ ውኃ ላይ፣ ቀዝቃዛው ታች፣ በመካከላቸው ሙቀቱ በድንገት የሚቀንስበት ቀጭን ንብርብር። ታችኛው ክፍል ከአየር ስለሚለያይ ኦክስጅኑ እያለቀ ይሄዳል፤ ዓሣው ለመኖር ያለው ቦታ የተወሰነ ነው። በልግ ሲመጣ የላይኛው ውኃ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል። ሙቀቱ ወደ ሃምሳዎቹ ፋራናይት ሲወርድ በብዙ ሐይቆች ልዩነቱ ይጠፋና ነፋስ ሐይቁን ከላይ እስከ ታች ያዋህደዋል። በዚያ ሰሞን ውኃው ሊደፈርስ፣ የበሰበሰ ቅጠል ሊንሳፈፍ፣ ሽታም ሊኖረው ይችላል፤ ዓሣውም ተበትኖ ግራ ያጋባል። እንዲህ ባለ ሳምንት ሄደህ ባዶህን ከተመለስክ ተስፋ አትቁረጥ፤ ያልፋል።

ካለፈ በኋላ ያለው ነው ደስ የሚለው። ሐይቁ በሙሉ አንድ ዓይነት ሙቀት፣ በየጥልቀቱም በቂ ኦክስጅን አለው። ዋልአይን ጥልቅ ውኃ ላይ የሚያስረው ነገር አይኖርም፤ ምግብ ባለበት ይሄዳል። ዳርቻው ላይ ያለው የውኃ ሣር ደግሞ እየሞተ ነው። በበጋ ሣሩ ውስጥ ተደብቆ የከረመው ትንሽ ፐርች መሸሸጊያ እያጣ ይመጣል፤ አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ጥቂት ሣር ዙሪያ ይከማቻል። ከዚህ ሁሉ ጋር ሴቷ ዋልአይ በሆዷ እንቁላል ማሳደግ ጀምራለች። የምትጥለው በፀደይ፣ በረዶው እንደቀለጠ ነው፤ የምታዘጋጀው ግን ከአሁኑ ነው። ለዚህ መብላት አለባት። በበልግ መጨረሻ ከዳር የሚያዘው ዋልአይ ብዙ ጊዜ ትልቅ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው።

የት ትቁም? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ላንሣ። ከዳር የሚያጠምድ ሰው ዓሣው ሁሉ ከእሱ ርቆ ጥልቁ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ክንዱ እስኪዝል አርቆ ይወረውራል። ቀን ከሆነ ልክ ሊሆን ይችላል። ማታ ግን ዋልአዩ ከ3 እስከ 6 ጫማ፣ ማለትም ከ1 እስከ 2 ሜትር ውኃ ውስጥ፣ አንዳንዴ ከቆምክበት ድንጋይ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነው የሚዞረው። ወደ መካከል ስትወረውር ከጀርባው አልፈህ እየጣልክ ነው። ስለዚህ ፊትህን ወደ ሐይቁ መካከል ሳይሆን ወደ ጎን አዙር፤ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ጣል። ማጥመጃው በጠቅላላ ጉዞው ዓሣው በሚሄድበት መስመር ላይ ይቆያል። መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ከዚያ በሰያፍ ወደ መካከል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ። ውኃው ውስጥ አትግባ፤ ጫማህን ድንጋይ ላይ አታንኳኳ። መብራትህን ወደ ውኃው አታብራ። ዓሣውን ታባርራለህ፤ በሚነሶታ ሕግም ዓሣን በመብራት መሳብ የተከለከለ ነው። ክር ስታስር ጀርባህን ለሐይቁ ሰጥተህ አብራ።

ቦታውን ደግሞ ቅዳሜ በቀን ሄደህ ምረጠው። የምትፈልገው ጠጠር ወይም ድንጋይ ያለበት፣ ከጥልቅ ውኃ ብዙ ያልራቀ ዳርቻ ነው። ወደ ሐይቁ ሾል ብሎ የገባ መሬት፣ ቦይ ወይም ጅረት የሚገባበት አፍ፣ በድልድይ ሥር ሁለት ሐይቅ የሚያገናኝ ጠባብ መተላለፊያ፣ አረንጓዴ ሣር የቀረበት ጠርዝ፤ እነዚህ ሁሉ ጥሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን ብቻ ምረጥ ብትለኝ ነፋስ ለሁለት ቀን ያህል ሲነፍስበት የቆየውን ዳር እመርጣለሁ። ፊትህን ቀዝቃዛ ነፋስ መምታቱ አይመችም፤ ነገር ግን ማዕበሉ ምግቡን ወደዚያ ይገፋል፣ ብርሃኑንም ይሰብራል፣ የእግርህንም ድምፅ ይሸፍናል። ፐርች የምትይዝበት ቦታ ራሱ ከእነዚህ አንዱን ካሟላ ሌላ አትፈልግ፤ እራቱ እዚያው ነው ያለው።

ዕቃውን በተመለከተ ሁለት ዘንግ ይዘህ ሂድ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ግን ውኃ ውስጥ አታድርግ፤ በሚነሶታ በረዶ በሌለበት ውኃ ላይ ለአንድ ሰው የተፈቀደው አንድ ክር ብቻ ነው። ሁለተኛው ዘንግ የሚጠቅምህ ሲጨልም በደነዘዘ ጣት ክርና መንጠቆ ከመቀያየር እንዲያድንህ ነው። ገና ፀሐይ እያለ አስረህ፣ ቋጠሮውን ፈትነህ፣ ጎንህ አስቀምጠው።

የመጀመሪያው ለፐርች ነው። ስስ ክር፣ ባለ አራት ወይም ባለ ስድስት ፓውንድ፤ 2 ግራም ገደማ የምትመዝን ትንሽ ጂግ፣ ማለትም ራሷ ላይ ክብደት ያላት መንጠቆ፤ ጫፏ ላይ የምድር ትል ቁራጭ ወይም ትንሽ ሚኖው፣ ማለትም ለማጥመጃ የሚሸጥ ትንሽ ዓሣ። ሙሉ ትል አታድርግ፤ ፐርች ጅራቱን ቆርጦ ይሄዳል፣ አንተም ባዶ ትስባለህ። ወለሉን እስኪነካ ልቀቀውና አንድ ስንዝር አንሥተህ አቆየው። ይህን ታውቀዋለህ፤ እየያዝክም ስለሆነ አልዘበዝብህም።

ሁለተኛው ለዋልአይ ነው። ከ8 እስከ 10 ፓውንድ የሚችል ክር፣ እና ቀጠን ብሎ ከ4 እስከ 5 ኢንች፣ ማለትም ከ10 እስከ 13 ሳንቲሜትር የሚረዝም የዓሣ ቅርጽ ያለው ማጥመጃ። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በ1936 ከቡሽ ቀርጾ የሠራው ዓይነት ማለቴ ነው፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ተመሳሳዮቹ ሁሉ ከዚያ ሐሳብ የወጡ ናቸው። ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን ወይም ባለበት ቀጥ ብሎ የሚቆመውን ምረጥ፤ የሚሰምጠው ጥልቀት በሌለው ድንጋያማ ዳርቻ ላይ ቶሎ ድንጋይ ሥር ይያዛል። ስለ ቀለም ብዙ ክርክር አለ። እኔ ብርሃን ትንሽ ሲቀር የፐርች መልክ ያለውን፣ ሲጨልም ደግሞ ጥቁር ጀርባ ያለውን እመርጣለሁ፤ ነገር ግን ከቀለሙ አሳሳብህ ይበልጣል።

አሳሳቡ ዝግ ያለ ይሁን። ዝግ ስልህ አንተ ዝግ ነው ከምትለው በላይ ማለቴ ነው። ውኃው ቀዝቅዟል፤ ዓሣው አብሮ ቀዝቅዟል፤ የሚሮጥ ነገር አያባርርም። ሪሉን፣ ማለትም የክር መጠቅለያውን፣ የምታጠነጥንበት ትክክለኛው ፍጥነት ማጥመጃው ሲወዛወዝ በዘንግህ ጫፍ በኩል ልክ ሊሰማህ የሚጀምርበት ነው። ከዚያ በታች ካደረግከው ይሞታል፣ በላይ ካደረግከው ፈጥነሃል። በየጥቂት ዙሩ አቁም፤ ሁለት፣ ሦስት ሰከንድ። አብዛኛው ዋልአይ የሚይዘው ቆሞ ሳለ ወይም እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ነው። እስከ እግርህ ሥር ድረስም ሳብ፤ ተከትሎ መጥቶ መጨረሻዋ ሜትር ላይ የሚወስን ዓሣ ብዙ ነው።

የዋልአይ አያያዝ ከፐርች ጋር አይመሳሰልም፤ ስለዚህ ትክ ትክ የሚል ነገር አትጠብቅ። ብዙ ጊዜ ክሩ በድንገት ይከብዳል፣ እርጥብ ሣር የተጠመደ ይመስላል። ያን ጊዜ ዘንግህን በኃይል አትንጠቅ፤ ማጠንጠኑን ቀጥለህ ክብደቱ ላይ ዘንጉን ወደ ጎን አጥብቀህ ሳብ። ሣር ከሆነ ሣር ነው። ዓሣ ከሆነ ግን ከታች ዝግ ያለ ከባድ የራስ መነቅነቅ ይሰማሃል፤ አንዴ ካወቅከው ከሌላ ነገር ጋር አታምታታውም። ሲቀርብ በመረብ አንሣው። አፉ ውስጥ ጣትህን አታስገባ፤ ፐርች የሌለው ሹል የክራንቻ ጥርስ አለው፣ የስንጥቡም ክዳን ይቆርጣል። በጨለማ ለመለየት የጅራቱን ታችኛ ጫፍ ተመልከት፤ ነጭ ነው። ፐርች ጎኑ ላይ ቁልቁል የወረዱ ጥቁር ሰንበሮች አሉት።

ወርውሮ መሳብ ከሰለቸህ ወይም ልጅ ይዘህ ከሄድክ ሌላ መንገድ አለ፤ በማታ የሚያበራ ተንሳፋፊ ሥር ትልቅ ሚኖው አንጠልጥለህ ከወለሉ አንድ ጫማ ከፍ አድርገህ መተው። ተንሳፋፊው ሲሰምጥ ወዲያው አትሳብ፤ ክሩን ጠቅልለህ ክብደቱ ሲሰማህ ነው።

አሁን በቀን መቁጠሪያህ ላይ ምልክት አድርግ፦ የኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ዛሬ ጀንበር የምትጠልቀው ወደ 6 ሰዓት አካባቢ ነው፤ በሀገራችን አቆጣጠር 12 ሰዓት መሆኑ ነው። ከዚያ እሑድ በኋላ 5 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። አንተ ከሥራ ወጥተህ ሐይቁ ስትደርስ ፐርቹ ተኝቶ ይጠብቅሃል። ስለዚህ በሥራ ቀን በቀጥታ የዋልአዩን ዘንግ ይዘህ ውረድ፤ ፐርቹን ለቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ተወው። ብዙ ሰው በዚያ ሳምንት «ዓሣው ጠፋ» ብሎ የሚያቆመው ሰዓቱ እንደተዛወረበት ሳያስተውል ነው።

መኪና ካለህና የአንድ ቀን ዕረፍት ካገኘህ ሚል ላክስ ወደሚባለው ሐይቅ ሂድ። በሀይዌይ 169 ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከ130,000 ኤከር በላይ ስፋት አለው፤ ከዝዋይ ሐይቅ ይሰፋል። ጠባዩ ግን ከዋይት ቤር ይለያል፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 42 ጫማ ያህል ብቻ ስለሆነ ነፋሱ በበጋም ስለሚያምሰው እንደ ዋይት ቤር አጥብቆ አይነባበርም። ኖቬምበር ላይ ውኃው ወደ 40 ፋራናይት ሲጠጋ ተሊቢ የሚባለው ብርማ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ድንጋያማው ዳርቻ ላይ ይወጣል፤ ዋልአዩም ይከተለዋል። ሚል ላክስ ላይ የስቴቱ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት፣ ዲኤንአር፣ ዓሣውን የሚያስተዳድረው ከአገሬው ነባር ሕዝቦች፣ ከኦጂብዌዎች፣ ጋር በጋራ ነው። ኦጂብዌዎች በ1837 ስምምነት ያስጠበቁት የማጥመድና የማደን መብት በ1999 በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጸንቷል። እንግዳ ሆነን የምናጠምድበት ውኃ ታሪክ ስለሆነ ብናውቀው መልካም ነው። ለአንተ በተግባር የሚያስፈልግህ ይህ ነው፤ የሚል ላክስ የዋልአይ ደንብ ከቀረው ስቴት የተለየና በየዓመቱ የሚለዋወጥ ነው፣ ሌሊት ማጥመድ የተከለከለባቸውም ዓመታት ነበሩ። ከመነሣትህ በፊት በዲኤንአር ድረ ገጽ ላይ የዚያን ሰሞን ደንብ አንብብ።

በቀሩት አብዛኞቹ ሐይቆችም የምትይዘው ዋልአይ ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ የዓመቱን ደንብ አንብብ፤ ከያዝካቸው ውስጥ ከ20 ኢንች የሚበልጠው አንድ ብቻ ይሁን። ፐርች በቀን ሃያ። የዋልአይ ወቅት በፌብሩዋሪ የመጨረሻ እሑድ ይዘጋል፣ በሜይ ይከፈታል። የተወሰነ ሐይቅ የራሱ ደንብ ሊኖረው ስለሚችል መግቢያው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ እይ። ዕድሜህ 16 ከሞላ ፈቃድ ያስፈልግሃል። የተረፈህን ሚኖው ሐይቁ ውስጥ አትድፋ፤ በከረጢት አስረህ ቆሻሻ ውስጥ ጣል። ለዓሦቹ ያዘንክ ሊመስልህ ይችላል፣ ነገር ግን ከአንዱ ውኃ ወደ ሌላው በሽታና ባዕድ ፍጥረት የሚዛመተው እንዲህ ነው። ከ20 ኢንች የሚበልጠውን ዋልአይ በፈቃድህ ብትለቀው ደግሞ ደስ ይለኛል፤ በዚህ ወቅት አብዛኛው ትልቅ ዋልአይ እንቁላል የያዘች ሴት ናት። ከ30 ጫማ በላይ ጥልቀት የወጣ ዓሣ ግን የአየር ከረጢቱ ስለሚያብጥ ብትለቀውም ላይተርፍ ይችላል፤ ልትለቅ ካሰብክ ከመጀመሪያው እዚያ ጥልቀት ላይ አታጥምድ።

ስለ ውኃው ቅዝቃዜ የምጽፍልህን እባክህ አትዝለለው። ከእኛ ውስጥ ብዙዎቻችን ዋና ሳንማር ነው ያደግነው። በዚህ ወቅት ውኃው ከ50 ፋራናይት በታች ነው፤ ዋናተኛም ቢሆን ሲወድቅበት የመጀመሪያዋን ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። ከዚያ እጅና እግሩ የሚታዘዙለት ለአሥር ደቂቃ ያህል ነው። ጀልባ ላይ ከወጣህ ላይፍ ጃኬቱ ወንበር ሥር ሳይሆን ደረትህ ላይ ይሁን፤ ጀንበር ከጠለቀች በኋላም የጀልባህ መብራቶች መብራት አለባቸው። ከዳር ስትሆን የሚያዳልጠው ድንጋይ ነው፤ ማታ ውርጭ ሲጥልበት አይታይም። ብቻህን አትሂድ። እነዚያ «እንሂድ» የሚሉህን ጓደኞችህን ትኩስ ሻይ በቴርሞስ ይዘህ አስቀራቸው።

ለመብላትስ? ሁለቱም ነጭ ሥጋ፣ ሽታ የሌላቸው፣ ለኮተሌት የተፈጠሩ ናቸው። ዓሣውን ግን ሐይቅ ዳር አትቆራርጠው፤ ዓይነቱና ርዝመቱ መታወቅ ስላለበት ሙሉውን በበረዶ ይዘህ ቤት ግባ። ፐርቹን ከቅርፊቱ ጋር ቆዳውን ገፈህ፣ ዋልአዩን በግራና በቀኝ አጥንቱን ተከትለህ ሥጋውን አውጣ፤ የዋልአይን ጉንጭ እንዳትጥል፣ ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ሎሚና ጨው፣ ከሚጥሚጣ ጋር የተደባለቀ ዱቄት፣ የጋለ ዘይት፤ ሌላ አያስፈልገውም። ቤትህ ነፍሰ ጡር ወይም ለመውለድ የምታስብ ሴት ወይም ከ15 ዓመት በታች ልጅ ካለ ግን በሜርኩሪ ምክንያት መጠኑን ጠብቅ፤ የሚነሶታ ጤና መምሪያ ለእነዚህ የሚመክረው ፐርች በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከ20 ኢንች ያነሰ ዋልአይ በወር አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠውን ዋልአይ ጭራሽ አይብሉ ይላል።

እስከ መቼ ልቀጥል ብለህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። ዳርቻው በረዶ መያዝ እስኪጀምር ድረስ። ያ ስስ በረዶ በድንጋዮቹ መካከል ሲያያዝ ዘንግህን አንሣ፣ ላዩ ላይ ለመርገጥም አትፈተን፤ ለእግረኛ ዲኤንአር የሚመክረው ቢያንስ 4 ኢንች፣ 10 ሳንቲሜትር ያህል፣ አዲስና ጥርት ያለ በረዶ ነው። እሱ ሲደርስ ፐርቹ በቀን፣ ዋልአዩ በምሽት የሚለው ነገር በበረዶው ሥርም ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለት ክር ይፈቀድልሃል።